መሬቱ በሕግ፣ ውሃው በስምምነት



ባለፈው ሳምንት የጓሮዬን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ ያያችሁት ግን ጎመኑን ሳይሆን ከዕቃ ጎጆዋ ሥር የተደረደሩትን ሰማያዊ በርሜሎች ነው። «ቲቸር፣ ለንደን እየኖሩ የጣራ ውሃ ያጠራቅማሉ እንዴ? ቧንቧ የለም?» የሚል ጥያቄ በግልጽም በውስጥ መስመርም ደረሰኝ።

አዎ፣ ቧንቧ የለም። ለምን እንደሌለ ግን ረጅም ታሪክ አለው። የታሪክ መምህር ጠይቃችሁ በአጭሩ እንደማትለቀቁ ደግሞ ከድሮም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቡናችሁን ያዙና ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱ ከየት መጣ?

እንግሊዞች «አሎትመንት» ይሉታል። በከተማ ዳር ወይም በባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለ ሜዳ በመደብ በመደብ ይከፋፈልና ሰው ለቤቱ አትክልት እንዲያለማበት በትንሽ የዓመት ኪራይ ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ነው። የተለመደው ሙሉ መደብ በድሮ መለኪያቸው 10 «ሮድ» ነው፤ 250 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። የእኔ የዚህ ግማሽ ነው።

ላየው ሰው የጡረተኛ መዝናኛ ይመስላል። አመጣጡ ግን ከመሬት ማጣት ነው። ድሮ የእንግሊዝ ገበሬ የራሱ መሬት ባይኖረው እንኳ ላሙን የሚያሰማራበት፣ ማገዶ የሚለቅምበት የጋራ መሬት ነበረው። ከዚያ የማጠር ዘመን መጣ። ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ፓርላማው ከ5,200 በላይ የማጠሪያ አዋጆች አወጣ። አዋጆቹ የነኩት መሬት ከመላው እንግሊዝ አንድ አምስተኛውን ያህላል። የጋራው የግል ሆነ፤ ድሃው ባዶ እጁን ቀረ።

በ1845 አጠቃላይ የማጠሪያ ሕግ ሲወጣ፣ ለመሬት አልባው ድሃ ትንሽ የጓሮ መሬት ይተውለት የሚል አንቀጽ ገባ። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ከዚያ በኋላ ከታጠረው ከ600 ሺህ ኤከር በላይ መሬት ለድሃው ጓሮ የተተወው 2,200 ኤከር ገደማ ብቻ ነበር። ከሺህ አራት እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ሰው ጠየቀ፣ ተሟገተ፣ ተደራጀ። በ1887 የወጣው ሕግ ፈላጊ ካለ ማዘጋጃ ቤቶች መሬት እንዲያቀርቡ አስገደደ። የ1908ቱ ሕግ ይሄን አጠናከረው፦ ስድስት መራጭ ወይም ግብር ከፋይ ሆነው በጽሑፍ ከጠየቁ ማዘጋጃ ቤቱ ጉዳዩን ሊመለከተው ግድ ነው። ስድስት ሰው ብቻ! በ1919 መብቱ ከቀን ሠራተኛው አልፎ ለሁሉም ሰው ተከፈተ። የ1922ቱ ሕግ የተከራዩን ዋስትና አጠበቀ። በ1925 ደግሞ ለዚሁ ዓላማ የተገዛ መሬት ያለ ሚኒስትሩ ፈቃድ እንዳይሸጥ ተደረገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ «ለድል ቆፍሩ» እየተባለ የመደቦቹ ቁጥር ወደ 1.4 ሚሊዮን ደረሰ።

ሕጉ ያላሰበው ነገር

አሁን የተማሪዬን ጥያቄ እንመልስ። እነዚህን ሕጎች ተራ በተራ ብታነቧቸው ስለ መሬቱ ስፋት ይናገራሉ። ስለ ኪራዩ፣ ስለ ማስለቀቂያው ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ሽያጩ ይናገራሉ። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን ሊያጥረው፣ ውሃ የሚቋጥረውን ሊያጠነፍፈው፣ መንገድ ሊያወጣለት ይችላል ይላሉ። ለአልሚው ውሃ የማምጣት ግዴታ ግን የትም የለም።

ስለዚህ ውሃው እንደ ዕድል ሆነ። አንዱ ቦታ ቧንቧ አለው፤ ሒሳቡም ተከፋፍሎ ኪራዩ ላይ ይደመራል። ሌላው ቦታ ባልዲ የሚነከርበት አንድ የጋራ ገንዳ ብቻ አለው። ሌላው ምንም የለውም። ለአሎትመንት የሚሰጠው መሬት ብዙ ጊዜ ማንም ያልፈለገው ትርፍ መሬት ነው፤ ከሐዲድ ጎን፣ ከወንዝ ዳር፣ ከመንገድ ጀርባ። እንዲህ ያለ ቦታ ድረስ ቧንቧ ለመዘርጋት ወጪውን ማን ይችለዋል?

ይሄ ጉድለት ለረጅም ጊዜ ብዙም አልታየም፤ ምክንያቱም እንግሊዝ ነዋ! ሰማዩ ራሱ ያጠጣል ተባለ። ከዚያ 1976 መጣ። በዚያ ዓመት ሰመር የሚሉት በጋቸው ጨርሶ ደረቀ። በነሐሴ ወር ፓርላማው የድርቅ ሕግ አወጣ። መንግሥት ዴኒስ ሃውልን የድርቅ ጉዳይ ኃላፊ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ፤ ሹመቱ በወጣ በቀናት ውስጥ ዝናቡ ይወርድ ጀመር። እስከ ዛሬ ይስቁበታል። ጓሮ ያላቸው ሰዎች ግን ያን ዓመት የገላ መታጠቢያቸውን ውሃ በባልዲ እያወጡ ነበር አትክልታቸውን ያዳኑት። የእኛ እናቶች የዕቃ እጣቢውን ጌሾው ሥር፣ ጤና አዳሙ ሥር እንደሚደፉት ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው

አንድ ነገር ያዙልኝ፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። ይቺን ካወቃችሁ ሌላው መደመርና ማባዛት ነው።

ለንደን በዓመት 600 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ታገኛለች። የእኔ የዕቃ ጎጆ ጣራ 6 ካሬ ሜትር ነው። 6 በ600 ሲባዛ 3,600 ሊትር። በአሸንዳው የሚፈሰውና የሚተነው ሲቀነስ 3,000 ሊትር ገደማ ይቀራል። ብዙ ይመስላል አይደል? አሁን ወጪውን እዩ። መተላለፊያውና ጎጆው ሲቀነስ የምዘራው 100 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በሞቃቱ ወር ለሳምንት 20 ሚሊ ሜትር ላጠጣ ብል 2,000 ሊትር ይፈልጋል። ማለትም ዓመቱን ሙሉ ከጣራ የሰበሰብኩት ውሃ ሁለት ሳምንት እንኳ አያደርሰኝም።

በርሜሉ የሚታየው ነገር ስለሆነ ሁሉም ሰው መፍትሔው በርሜል ይመስለዋል። ትልቁ በርሜል ግን እግራችን ሥር ነው። ደህና አፈር በ1 ሜትር ጥልቀቱ ተክል ሊስበው የሚችል 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ውሃ ይይዛል። ሥር የሚደርስበትን ግማሽ ሜትር ብቻ ብንወስድ 75 ሚሊ ሜትር ነው። በ100 ካሬ ሜትር ላይ ሲሆን 7,500 ሊትር! በብዙ በርሜል የማይያዝ ውሃ፣ ያለ ክዳን፣ ያለ ዋጋ፣ መሬት ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ ቧንቧ የሌለው ሰው ዋና ሥራው ማጠጣት ሳይሆን አፈሩ የጠጣውን እንዳይለቅ ማድረግ ነው። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፦

አንደኛ፣ በየዓመቱ ብስባሽ አበላዋለሁ፤ ብስባሽ የገባበት አፈር እንደ ስፖንጅ ነው። ሁለተኛ፣ ዝናቡ ሳያበቃ፣ አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ ገለባና የታጨደ ሣር አለብሰዋለሁ። የበዓል ጉዝጓዝ አስቡ፤ አፈሩ በጉዝጓዝ ተሸፍኖ ከፀሐይ ይከለላል። ደርቆ ካለበሳችሁት ግን ድርቀቱን ነው የምትሸፍኑት። ሦስተኛ፣ አረም አላሳድርም፤ አረም ያለ ፈቃድ የሚጠጣ እንግዳ ነው። አራተኛ፣ ሁሉንም እኩል አላጠጣም። የበርሜሉ ውሃ ቅድሚያ ለአዲስ ችግኝ ነው፤ ቀጥሎ አበባ ለያዘ ፎሶሊያና ዝኩኒ። ሥሩን ያጠለቀ ጎመን ራሱን ይችላል። አምስተኛ፣ ሳጠጣ በማታ ወይም በማለዳ፣ ከሥሩ፣ አልፎ አልፎ ግን በደንብ። በየቀኑ ላይ ላዩን የሚረጭ ሰው ሥሩን ወደ ላይ ያስለምደዋል፤ አንድ ቀን ሲቀር ተክሉ ጠውልጎ ያገኘዋል።

አንድ የቆየ ብልሃትም ልጨምር። ያልተለበጠ የሸክላ ማሰሮ አንገቱ ድረስ መሬት ውስጥ ይቀበርና ውሃ ተሞልቶ ይከደናል። ውሃው በሸክላው ግድግዳ ቀስ እያለ እየሰረገ ሥሩን ብቻ ያጠጣል። ፋን ሼንግዢ የሚባለው ቻይናዊ የእርሻ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን ጽፎታል። የሸክላ ሠሪ እጥረት የሌለብን እኛ ደግሞ ከማንም በላይ ልንሠራበት የምንችለው ነገር ነው።

ውሃ ሲጎድል ሰው ይታያል

እስካሁን የነገርኳችሁ አንድ ሰው በራሱ መደብ ላይ ሊያደርገው የሚችለውን ነው። 2022 ላይ ግን ይሄ ብቻውን እንደማይበቃ አየን።

በዚያ ሐምሌ እንግሊዝ ውስጥ ሙቀቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ40 ዲግሪ አለፈ። በነሐሴ ለንደንና አካባቢዋ በጎማ ማጠጣት ተከለከለ። በባልዲ ማጠጣት አልተከለከለም፤ ለኛ ግን ጎማም ባልዲም ያው ነው፣ የምንቀዳበት ቧንቧ የለንማ! የነበረን ከመሰብሰቢያ ቤቱ ጣራ የሚሞሉ የጋራ ታንከሮች ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት ስንሄድ ታንከሮቹ ባዶ ናቸው። አንድ ሰው በሌሊት ትንሽ ሞተር አምጥቶ ወደ መደቡ ስቦታል። እርጥቡ መሬት ራሱ መሰከረበት።

ምን ልበላችሁ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሰላምታ ሲለዋወጡ የኖሩ ሰዎች መነጋገር አቆሙ። ግማሹ «ይባረር» አለ። ሌላው «ታንከሩ ላይ ቁልፍ ይግባ» አለ። ሰውየው ደግሞ ሽቅብ ተናገረ፦ «ቀድሞ የመጣ ይቅዳ እንጂ መጠን የወሰነ ማን አለ?» ንግግሩ ቢያናድድም እውነት አለው። መሬቱ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ የተጻፈ ሕግ አለ። ውሃው ላይ አንድ መስመር እንኳ አልነበረም።

በስብሰባው ላይ ተራዬ ሲደርስ ስለ የውሃ አባት ነገርኳቸው። ወሎ ሳስተምር ያየሁት ነው፤ ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ። አማራ አገር «የውሃ አባት» ይባላል፤ ትግራይ «አቦ ማይ»። ከአንድ ወንዝ ወይም ምንጭ በአንድ ቦይ የሚያጠጡ ገበሬዎች ከመካከላቸው የሚታመን ሰው ይመርጣሉ። ዝርዝሩ በየቦታው ይለያያል። መሠረቱ ግን አንድ ነው። ተራ ያወጣል፤ የማን ማሳ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠጣ ይወስናል። ወቅቱ ሳይገባ ሰውን አስተባብሮ ቦዩን ያስጠርጋል። ለጠረጋ ያልወጣ ይቀጣል። ያለ ተራው ውሃ የሰበረም ይቀጣል። ከራስጌ ያለውና ከግርጌ ያለው ሲጣሉ ይዳኛል። ፖሊስ የለውም፤ ኃይሉ ሁሉም ተራውን ማወቁና ነገ ራሱም ፈላጊ መሆኑ ነው።

ቁልፍና ማባረሩ ቀረ። በመሬቱ ላይ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ከጃማይካ የመጡ አንዲት እናት ተመረጡ፤ የውሃ እናት በሏቸው። ደንቡ በአንድ ወረቀት ላይ ተጻፈ፦ ለአንድ መደብ በማታ ሁለት ባልዲ፣ ችግኝ ላለው ሦስት፤ ታማሚ ላለበት ቤት ጎረቤት ይቀዳለታል፤ አሸንዳውን ለማጽዳት በወር አንዴ ሁሉም ይወጣል። ያን ዓመት ሰላጣው አልተረፈም፤ ቆስጣውም ግማሹ ሄደ። ፎሶሊያውና ድንቹ ግን ተረፉ። ሰዎቹም ተረፉ። ባለሞተሩ ሰውዬ እስከ ዛሬ አብሮን አለ፤ አሸንዳ ለማጽዳት መሰላል የሚወጣውም እሱ ነው።

እኛስ ጋ?

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ለንደንን ላስጎበኛችሁ አይደለም። ዛሬ በአገራችን ከተሞች ውስጥ የጓሮ አትክልት ይበረታታል። ወጣቶች ተደራጅተው ቦታ ይሰጣቸዋል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን የእንግሊዝ ሕግ የሄደበትን መንገድ ተከትለን መሬቱን ሰጥተን ውሃውን እንዳንረሳው እሰጋለሁ። በክረምት ፎቶ የተነሣበት ጎመን ጥር ላይ የት ደረሰ? መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው።

ሒሳቡን ለአዲስ አበባም እንሥራው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከለንደን እጥፍ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀራት! 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ በዓመት 33 ሺህ ሊትር ይቀበላል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ ከ26 ሺህ ሊትር በላይ ይቀራል። ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም መውረዱ ነው። የ2,000 ሊትር ሮቶ ሐምሌ ላይ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጢም ይላል፤ የቀረው ወደ መንገድ ይፈስሳል። ያው ሮቶ በበጋ 50 ካሬ ሜትር ጓሮ ላይ ቢደፋ ደግሞ ሁለት ሳምንት ነው የሚያቆየው። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ የመጠጥ ውሃ ጎመን ላይ መድፋት አይታሰብም። እንግዲህ እዚያም መልሱ አፈሩን ማብላት፣ ማልበስ፣ ከሁሉም በላይ መስማማት ነው።

የወንዙ ውሃስ ለምትሉ፣ አቃቂን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በአቃቂ ወንዝ ዳር ለብዙ አሥርት ዓመታት አትክልት ተመርቶ ከተማውን መግቧል። ወንዙ ግን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ይወርድበታል። ተመራማሪዎችም በውሃው፣ በአፈሩና በቅጠላ ቅጠሉ ላይ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል። ገበሬው ጥፋተኛ አይደለም፤ ከላይ ያለው ያቆሸሸውን ከታች ያለው ያጠጣል። የራስጌና የግርጌ ክርክር ነው፤ ዳኛ ያጣ የውሃ አባት ጉዳይ ነው።

ችሎታውማ አለን። ኮንሶን አስቡ። በ2011 በዩኔስኮ የተመዘገበው መልክዓ ምድር በድንጋይ እርከኖቹ ይታወቃል። ዩኔስኮ የ21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ ቅርስ ይለዋል። እርከኑ ዝናቡን ባለበት አቁሞ ለአፈሩ ያጠጣዋል፤ እኔ በብስባሽና በገለባ የምሞክረውን እነሱ በተራራ ላይ ሠርተውታል። ከእርከኑ ሌላ «ሀርዳ» የሚባሉ ኩሬዎች አሏቸው። ሕዝቡ በጋራ ቆፍሮ በጋራ ይጠብቃቸዋል። አፈሩም፣ ማጠራቀሚያውም፣ ስምምነቱም አንድ ላይ አሉ።

እኛ ከቧንቧ ጋር የተዋወቅነው በቅርብ ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከእንጦጦ በኩል ውሃ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥቱ አወረደ፤ የቀረው ሕዝብ ከምንጭና ከወንዝ ይቀዳ ነበር። የለገዳዲ ግድብ እንኳ የ1970 ነው። ቧንቧ መጥፎ ነው አልልም፤ እድሜ ልኩን እንስራ ተሸክሞ የኖረ እናት ልጅ ይሄን ሊል አይችልም። ግን ቧንቧው ሲመጣ ውሃ የግል ጉዳይ መሰለን። ከፍተህ ትቀዳለህ፣ ትከፍላለህ፣ አበቃ። ሲቋረጥ ደግሞ የምንሰበሰብበት ደንብ ጠፋብን።

ስለዚህ ቦታ ተሰጥቷችሁ ልትዘሩ የተዘጋጃችሁ ልጆቼ፣ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። ክረምቱ ሳይወጣ ውሃውን የት እናስቀምጠዋለን? ሲጎድል ለየትኛው ተክል ቅድሚያ እንሰጣለን? ተራውን ማን ያወጣል፣ ደንቡን ለሚጥሰውስ ምን እንላለን? ሦስተኛው ካልተጻፈ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እስከ ጥር ብቻ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ።

አሁን የቤት ሥራ። አላመለጣችሁም! በየአካባቢያችሁ የውሃ ተራ የሚያወጣው ሰው ምን ተብሎ ይጠራል? ተራውን በምን ይለካሉ፣ በሰዓት ነው ወይስ በፀሐይ? አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልኝ። ያወቁት ሰዎች እያሉ እንመዝግበው።

ቸር ያሰማን።